ያ የቴሌግራም ፖል አምበርን ጠይቋል?

ባለፈው አንድ የአምበር ጓደኛዬ ስክሪንሾት ላከልኝ። የቴሌግራም ፖል ነው። «ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን?» ይላል፣ ከሥሩ አራት ስም ተደርድሯል። አንደኛው ሰውዬ ከግማሽ በላይ ይዞ ሌሎቹን ጥሏቸው ሄዷል። ጓደኛዬ «አለቀ በቃ!» ብሎ ጽፎበታል። (ስሙን አልናገርም። ከተናገርኩ ኮመንቱ ሁሉ ስለ ሰውዬው ይሆንና ጽሑፉን የሚያነበው ሰው አይኖርም።)

ምኑም አላለቀም። ለምን እንደሆነ እንይ፣ ምክንያቱም ምርጫ በመጣ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ስክሪንሾት እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ፣ ማን ነው የሚመርጠው? አሜሪካኖች ፕራይመሪ የሚሉት አላቸው፤ ፓርቲው ለፕሬዝዳንትነት ማንን እንደሚያቀርብ ተራው መራጭ ወጥቶ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ እዚያ ሕዝቡን መጠየቅ ትርጉም አለው። እኛ ጋ ይሄ የለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ እኛ ለዚያ ምክር ቤት የምንመርጠው የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ብቻ ነው። እውነተኛው ፉክክር የሚያልቀው ፓርቲው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው።

2010ን አስታውሱ። ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት ሥልጣን እንደሚለቁ ሲያሳውቁ አገሩ በሙሉ «ማን ይተካቸው?» እያለ ሲያወራ ከረመ። በፌስቡክ ያልተሾመ ሰው አልነበረም። መጋቢት 18 ግን የወሰነው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው። አባላቱ 180 ነበሩ፣ በስብሰባው የተገኙት 169፣ ለዐቢይ አሕመድ ድምፅ የሰጡት 108። ሽፈራው ሽጉጤ 59 አገኙ። ደመቀ መኮንን ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት ራሳቸውን ከፉክክሩ አገለሉ። አሁን አስቡት፤ በዚያ ሳምንት አንድ ሚሊዮን ሰው በቴሌግራም ቢጠየቅ ኖሮ፣ ስለ እነዚያ 180 ሰዎች ሐሳብ ምን ይነግረን ነበር? ምንም። ሕዝቡ ማንን እንደሚወድ ሊነግረን ይችል ይሆናል። ማን እንደሚሾም ግን አይነግረንም።

«እሺ፣ ቢያንስ ሕዝቡ ማንን እንደሚወድ ይነግረናል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። እሱም ቢሆን የተጠየቀው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

የአነደድ ልጅ ጤፍ ሲገዛ አይታለልም። ሻጩ ከጆንያው አፍ ላይ ማኛውን አድርጎ ከሥሩ ሰርገኛ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ገዢው እጁን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ሰዶ ከመሃል፣ ከጥግ፣ ከሥር ዘግኖ ያያል። ጆንያው ሙሉ አይፈተሽም፤ ጥቂት እፍኝ ይበቃል። ግን እፍኙ ከየትም ቦታ የመጣ መሆን አለበት። የሕዝብ አስተያየት ጥናትም ይኸው ነው። የቴሌግራም ፖል ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ የተዘገነ ነው። ስልክ ያለው፣ ዳታ ያለው፣ ያንን ቻናል የሚከታተል፣ ከዚያ ደግሞ ለመጫን ስሜቱ የተነሳ ሰው ብቻ።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል አብዛኛው ቦታ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በነዚያ ወራት ፖሎቹ አልቆሙም፤ «የአማራ ሕዝብ ምን ይላል?» የሚሉም ነበሩ። አምበር ውስጥ ቴሌግራም በማይከፈትበት ጊዜ ማለት ነው። እናቴን፣ የጎረቤታችንን አርሶ አደር፣ በቁልፍ ስልክ የሚደውለውን ሁሉ ደግሞ ዳታ ኖረም አልኖረም ማንም አይጠይቃቸውም።

«ግን እኮ ብዙ ሺህ ሰው ነው የመረጠው!» ይሄ ትልቁ ወጥመድ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የድምፅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ወደ 2.3 ሚሊዮን ተመለሰለት። በዚያ ተመርኩዞ ላንደን 57 ፐርሰንት አግኝቶ ያሸንፋል አለ። የሆነው ግን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ መውሰዱ ነው። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደግሞ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ነው። መልሶ ለመላክ የደከመውም ይበልጥ በመንግሥት የተናደደው ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሉፕ ወደ 50 ሺህ ሰው ብቻ ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ በትክክል ተናገረ።

ቁጥሩ ከተወሰነ በላይ ብዙም ለውጥ የለውም። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ከተጠየቁ ውጤቱ ወደላይ ወይም ወደታች 3 ነጥብ ያህል ሊስት ይችላል፤ 2,400 ከሆኑ 2 ነጥብ ያህል። ስለዚህ አንዱ 46፣ ሌላው 44 ካገኙ «እየመራ ነው» ብሎ መጮህ አያስኬድም፤ እኩል ናቸው ማለት ይቀላል። ከዚያ ውስጥ የአንድ ክልል ሰዎችን ብቻ ነጥላችሁ ስታዩ ደግሞ የሰዉ ቁጥር ስለሚያንስ ስህተቱ ይሰፋል።

በደንብ የተሠራ ጥናትም በፕራይመሪ ይወድቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ሂላሪ ክሊንተን በጥናቶቹ አማካይ ወደ 20 ነጥብ እየመሩ ነበር። ማታ ድምፁ ሲቆጠር በርኒ ሳንደርስ 2 ነጥብ በማይሞላ ልዩነት አሸነፉ። በፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ትንሽ ስለሆነ ማን እንደሚወጣ መገመት ከባድ ነው፤ ያኔ ወጣቱ ከተገመተው በላይ ወጣ። ተፎካካሪዎቹ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሆኑም መራጩ እስከ መጨረሻው ቀን ሐሳቡን ይቀይራል። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ፓርቲ መክዳት አይደለማ።

እኛ አገር እጅን እስከ ሥር የሚሰድ ጥናት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። አፍሮባሮሜትር የሚባለው ኢትዮጵያ ውስጥ 2,400 አዋቂዎችን በዕጣ መርጦ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ በሚናገሩት ቋንቋ ይጠይቃል። መጀመሪያ የመጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኢትዮጵያውያን ስለ አገራቸው ዴሞክራሲ የሰጡት ደረጃ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ ተቃውሞው ተነሳ፣ በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ።

ታዲያ ጥናቱ ውሸት ነበር? ሮበርት ማተስ እና ሙሉ ተካ ስለዚሁ በጻፉት ጥናት ርዕሱ ላይ ራሱ ጠይቀውታል፦ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው፣ ወይስ ስለ ዴሞክራሲ የተለየ አረዳድ? የእኔን ግምት ልንገራችሁ። ታብሌት የያዘ የማታውቁት ሰው ግቢያችሁ ገብቶ «መንግሥትን ታምናላችሁ?» ቢል መጀመሪያ የምታስቡት «ከወረዳ ይሆን? የማዳበሪያ ዝርዝር ይሆን?» ነው። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ለእንግዳ የሚሰጠው ሰሙ ነው፣ ወርቁን ሆድ ይፍጀው። አፍሮባሮሜትርም ይህን ስለሚያውቅ መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። «መንግሥት» ያሉትን መልስ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ለእኔ ከመጠይቁ ሁሉ ጎበዙ ጥያቄ ይሄ ነው።

ይሄ ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? 1997ን ጠይቁ፤ እኛ ልጆች ነበርን፣ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ሙሉ በሙሉ ሲወስድ ገዢው ፓርቲ ራሱ ደነገጠ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለው ውጤት ግን ሁለቱም ወገን «አሸንፌያለሁ» አለ። ከሁለቱም ነፃ የሆነና ሰው የሚያምነው ጥናት አስቀድሞ ስላልነበረ ሁሉም የሚያመሳክረው በሰልፉ ብዛትና በሰፈሩ ወሬ ነበር። ክርክሩ መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰው ሞተ። ጥናት ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር አልልም። ግን ዛሬ ስክሪንሾት አይቶ «አለቀ» ያለ ሰው፣ ነገ ውጤቱ ሌላ ሲሆን «ተሰረቅኩ» ነው የሚለው። እውነት ተሰርቆም ከሆነ በዚያ ስክሪንሾት ሊያስረዳ አይችልም።

ለጓደኛዬ መልሼ «አምበር ላይ ማንን ጠየቁ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«እኔን» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በሁለቱም ሲሜ።»