ያልተጣጣመ ዕቃ 225 ኪሎ ሜትር ያስመልሳል

የጌም ኮምፒዩተር በአነስተኛ ገንዘብ መገጣጠም ለሚያስብ የቆላ ነጋዴ ምርጫው ከየት ይጀምራል?

ሽንኩርቱንና ማሾውን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ የተረፈው የይፋት ነጋዴ ገንዘቡን ሊያሠራባቸው ከሚችሉ አነስተኛ ንግዶች አንዱ ጌም ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አራት አምስት ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ወንበር፤ ወጣቱ በሰዓት ከፍሎ ይጫወታል። ሥራው ዱቤ የለበትም፣ እንደ ሽንኩርት አይበሰብስም፣ ዝናብም አይጠብቅም። ጠዋት ጠዋት እነዚያው ኮምፒዩተሮች የጽሕፈትና የፎርም መሙላት ሥራ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ ጨዋታ ብቻ ከሚያውቀው ፕሌይስቴሽን ይልቅ ገቢያቸው ሁለት በር አለው።

ይሁን እንጂ ትርፍና ኪሳራው የሚለየው ቤቱ ተከፍቶ ተጫዋች ሲገባ ሳይሆን ገና ዕቃው ሲገዛ ነው። ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ዕቃው የሚሸመተው በአመዛኙ ከመርካቶ፣ ከቦሌና ከመገናኛ ሱቆች ነው። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ቆላ የገባ ዕቃ ሲገጠም እምቢ ካለ፣ ለመለወጥ ደርሶ መልስ 450 ኪሎ ሜትር ይጠይቃል። የመኪናው፣ የአልጋውና የባከነው ቀን ወጪ ሲደመር ከዕቃው ላይ ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ ያልቃል።

በዚያ ላይ በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሸማች መብት ይሰጣል። ነገር ግን በራሱ ደህና ሆኖ ሳለ ከሌላው ጋር የማይገጥም ዕቃ ጉድለት አለበት ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ስህተቱ የሻጩ ሳይሆን የገዢው ሆኖ ይቀራል።

የስህተቱ ዋጋም ከዓመት ዓመት ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ገባ፤ ሳምንታት ሳይቆይም 100 ብርን አለፈ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም በ149 ዶላር ለዓለም ገበያ የቀረበው ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ በ57 ብር ምንዛሪ 8,493 ብር ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲገባ 14,900 ሆነ። ዶላሩ ከዚያም ወዲህ ከፍ ብሏል።

መጀመሪያ ጨዋታው

የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ኮምፒዩተር ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ደንበኛው ምን ይጫወታል?» የሚለው ነው። በ2007 ዓ.ም ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ 5 አምራቹ እንዲኖሩት የመከረው ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ጂቲኤክስ 660 ካርድ ነበር። በ2016 ዓ.ም መግቢያ የወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ደግሞ ቢያንስ ኮር አይ5 6600ኬ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድና 100 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። የቆየው ካውንተር ስትራይክ 1.6 ግን በማንኛውም አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

በመሆኑም ኳስ ለማጫወት ያቀደ ሰው 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቢገዛ ዊንዶውስና አንድ ጨዋታ ብቻ ገብተው ዲስኩ ይሞላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኢንተርኔት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገብቶ ነበር። ይህን ያየ ባለሀብት ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ጨዋታን የገቢው ምሰሶ ባያደርግ ይመረጣል። በአንድ ስዊችና በኬብል ተያይዘው እርስ በርስ የሚያጫውቱ ኮምፒዩተሮች መስመር ቢጠፋም ሥራ አይፈቱም።

ከሶኬቱ መነሳት

አብዛኛው ገዢ ምርጫውን የሚጀምረው ከግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ስሙ የሚያጓጓውም እሱ ነውና። በቆላ ከተማ ለሚሠራ ሰው ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። መጀመሪያ ኃይሉ፣ ቀጥሎ ሳጥኑ፣ ከዚያ ካርዱ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ፣ በመጨረሻ ሜሞሪው።

የፓወር ሰፕላይ አቅም የሚታወቀው በጎኑ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር አይደለም። «500 ዋት» የሚል ርካሽ ዕቃ ላይ በትንሹ የተጻፈው ሰንጠረዥ ሲነበብ፣ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን የሚመግበው የ12 ቮልት መስመር 20 አምፔር ብቻ ሊሆን ይችላል። 12 በ20 ሲባዛ 240 ነው፤ ለጨዋታ የሚቆጠረውም ይኸው 240 ዋት ነው። አንዳንዱ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ በአገራችን መስመር ላይ የተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

የክፍሉ ጠቅላላ ፍጆታም መታሰብ አለበት። አንድ ኮምፒዩተር በጨዋታ ሰዓት 200 ዋት፣ ስክሪኑ 25 ዋት ቢወስድ አምስቱ 1,125 ዋት ይወስዳሉ። 1,000 ቪኤ የሚል ስታቢላይዘር ይህን አይሸከምም። መስመሩ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር መሥራት ዕቃውን ለዕጣ መስጠት ነው።

ሳጥኑ

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚነሳ ሰው ቀላሉ መንገድ ከውጭ ቢሮዎች የተሰናበተ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃና ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአመዛኙ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ስለሆነ፣ የውጭ ድርጅቶች ከዚያ በታች ያሉትን ለማሰናበት ምክንያት አግኝተዋል። ያለ ኢንተርኔት ለሚያጫውት ጌም ቤት ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። እንደ ቫሎራንት ያሉ በኢንተርኔት የሚካሄዱና በዊንዶውስ 11 ላይ የደኅንነት ቺፕ የሚጠይቁ ጨዋታዎችን ላሰበ ግን እነዚህ ኮምፒዩተሮች አይሆኑም።

የተሰናበቱት ኮምፒዩተሮች ወጥመድም አላቸው። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርድ ኃይል የሚቀበለው ባለ 8 እግር በሆነ ዴል በራሱ በሠራው ሶኬት ነው፤ የኤሊትዴስክ 800 የመጀመሪያው ትውልድ ደግሞ ባለ 6 ነው። በገበያው የተለመደው ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ስለሆነ ያለ ማገናኛ ገመድ አይገባም። የፊተኛው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ግን ባለ 24 ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ይኸኛው ምትኩን ከየትኛውም ሱቅ ያገኛል፤ ሌሎቹ ፍለጋ ያስወጣሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁመት ነው። ቀጭኑ ሳጥን አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል። ረጅሙን ካርድ ገዝቶ የመጣ ሰው ሳጥኑን ክፍት አድርጎ ካልሠራበት በስተቀር መፍትሔ የለውም። ሰፊው ቆሞ የሚቀመጠው ሳጥን ትንሽ ቢወደድም ካርድ አይመርጥም፣ አየርም ያስገባል።

ካርዱ

የማዘርቦርዱ ረጅም ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ድረስ ኃይል እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንዳንድ ቀጭን ሳጥን ላይ አምራቹ ከዚያ ያነሰ ገደብ ስለሚያስቀምጥ መመሪያውን ማየት ይገባል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና አብዛኛው ጂቲኤክስ 1650 በዚሁ 75 ዋት ስለሚሠሩ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቁም። ተመሳሳይ ስም ይዘው ተጨማሪ ባለ 6 ገመድ የሚፈልጉም ስላሉ የካርዱን ጠርዝ ማየት ግድ ነው። በሰፊው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሒሳቡ ሲሠራ፣ አይ5 3470 ፕሮሰሰር 77፣ ካርዱ 75፣ የተቀረው ሁሉ 50 ዋት ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 202 ነው። ፓወር ሰፕላዩ 275 ዋት ስለሆነ ይበቃዋል።

ስምና ግብር የሚለያዩበት ዕቃም አለ። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በሁለት ዓይነት ሜሞሪ ይሸጣል፤ ጂዲዲአር 5 የያዘው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ዲዲአር 4 የያዘው 17 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ከዚህም የባሰ፣ አሮጌ ካርድ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ተደርጎ የሚሸጥበት ማጭበርበር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሱቁ ውስጥ ማስከፈት ብዙውን ያጋልጣል።

በሬ ሲጠመድም እንደሚታየው አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ከሆነ እርሻው የሚሄደው በደካማው ልክ ነው። ደካማ ፕሮሰሰር ላይ ውድ ካርድ መጫን ለማይታይ ፍጥነት መክፈል ነው።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ከአዲስ ልገጣጥም ለሚል ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ሶኬት 1151 ይባላል፤ የ8ኛውና የ9ኛውም 1151 ይባላል። ፕሮሰሰሩ በማዘርቦርዱ ላይ ቢቀመጥም አንዱ በሌላው ላይ አይነሳም። መታየት ያለበት የሶኬቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የማዘርቦርዱ ቺፕሴት ነው።

በኤኤምዲ በኩል ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬት ለብዙ ዓመት ስለቆየ ዕቃው በብዛት ይገኛል። ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክሱን በውስጡ ስለያዘ ካርድ ሳይገዛ ሥራ ለመጀመር ያስችላል፤ ገቢ ሲገኝ ካርዱ ይጨመራል። ነገር ግን ቢ450 የሚባለው ማዘርቦርድ ባዮሱ ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። ለማደስ ሌላ አሮጌ ፕሮሰሰር የሚጠይቅ ማዘርቦርድ ስላለ ሥራው ዕቃውን በሸጠው ሱቅ መጠናቀቅ አለበት።

ሜሞሪም ቢሆን ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ቀዳዳቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እንደ 5600ጂ ግራፊክሱን በውስጡ ለያዘ ፕሮሰሰር አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት የጨዋታውን ፍጥነት በግልጽ ያሻሽላል።

የቆላው ሙቀት

በአዲስ አበባ ሱቅ ተሞክሮ ደህና የተባለ ኮምፒዩተር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ነች። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን 70 የነበረው ፕሮሰሰር፣ ክፍሉ 35 ሲሆን ወደ 85 ይጠጋል። ወደ 100 ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጫዋቹም «ተንቀረፈፈ» ብሎ ይነሳል።

ከላይ የተቆጠረው 1,125 ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ይህ የአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሶ ያህል እሳት ቀኑን ሙሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ እንደማንደድ ይቆጠራል። ስለዚህ ትይዩ መስኮት ያለው ክፍል፣ የታደሰ የፕሮሰሰር ቅባትና በየጊዜው የሚራገፍ አቧራ ከግዢው በጀት ውስጥ መግባት አለባቸው። በዚህም ምክንያት አነስተኛ ዋት የሚበላ ካርድ በቆላ ከተማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይተርፋል፤ በመብራት ሒሳብና በዕድሜ።

ከመርካቶ ከመውጣት በፊት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሱቅ መግዛት ከየሱቁ ርካሹን ከመልቀም ትንሽ ቢወደድም፣ የመጣጣሙን ኃላፊነት በአንድ ሻጭ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃው እዚያው ተገጥሞ፣ ደንበኛው የሚጫወተው ጨዋታ ራሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተከፍቶ፣ የሙቀቱ መጠን መታየት አለበት። በደረሰኙ ላይም «ኮምፒዩተር» ተብሎ በደፈናው ሳይሆን የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴልና መለያ ቁጥር ሊጻፍ ይገባል።

አምስት ኮምፒዩተር ለሚገዛ ደግሞ አምስቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል። ከአምስቱ አንዱ ቢሞት ፓወር ሰፕላዩ፣ ሜሞሪውና ካርዱ የአራቱ መለዋወጫ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ዕቃ ለመለወጥ ብሎ ጣርማ በርን መውጣት አያስፈልገውም።