የሚያፈስ ጣራና ሙሉ ኪራይ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ ቤት ፈላጊ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጣራውንና በሩን መመርመር ይገባዋል። እኔ ግን ለመምህርነት ተመድቤ የመጣሁት በመስከረም፥ ዝናቡ ሲያባራ ነበርና ቀለሙን አይቼ ተታለልኩ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በወር በ4,000 ብር ተከራየሁ። በጥቅምት ውርጩ በበሩ ሥር ሲገባ በጋዜጣ ወትፌ ዝም አልኩ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ግን የመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ ተንዘረጠጠና አንድ ሌሊት ተቀዶ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አራሰው። አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣሁ። እንግዲህ በአንድ ክፍል እየኖርኩ የሁለት ክፍል ኪራይ ከፋይ ሆንኩ ማለት ነው።

የሥራ ጓደኞቼ «ዝም በል፤ ካልተመቸህ ልቀቅ ይሉሃል» አሉኝ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በ1999፥ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ በከተማችን የለቀቁትን ቤት የሚይዝ ሰው አይጠፋም።

ሕጉ ግን ተከራይን ዝም በል አይለውም። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ አከራይ ቤቱን ለአገልግሎቱ ብቁ አድርጎ እንዲያስረክብና በውሉ ዘመን እንዲጠብቀው ያዛል። እንደ በርና መስኮት ያለው ጥቃቅን ጥገና የተከራዩ ድርሻ ነው። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል።

ይሁን እንጂ ኪራይ መቀነስ ብቻውን ጣራ አይደፍንም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ በአዋጅ ተቀነሰ፤ ተከራዩም ደስ አለው። የቀበሌ ቤቶች የሚያስገቡት ገንዘብ ግን ለጥገና የማይበቃ ሆነና ጭቃው ሲረግፍ፥ ቆርቆሮው ሲዝግ ብዙ ዓመት አለፈ።

ይህን እያሰብኩ ከባለቤቲቱ ዘንድ ሄድኩ። ከኪራዩ በቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው አሮጊት ናቸው። «እትዬ፥ ጣራው እስኪሠራ 1,500 ብር ይቀንሱልኝ» ብላቸው፥ «መምህር፥ አንተ ብትቀንስብኝ ቆርቆሮው በምን ይገዛል? እኔስ ምን እበላለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መልስ አጣሁ። ክፍሉን ግን ገብተው እንዲያዩት ለመንኳቸው። የራሰውን ፍራሽ በእጃቸው ሲዳስሱ «በስመ አብ!» አሉ። እሳቸውም የኮርኒሱን መቀደድ ገና ማየታቸው ነበር።

በማግስቱ የዕድራቸው ዳኛ ባሉበት ተስማማን። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን እኔ በደረሰኝ ልገዛ፥ የአናጢውንም ዋጋ ልከፍል፤ ወጪው በየወሩ 1,500 እየታሰበ ከኪራዩ ሊቀነስ፤ ዕዳው ሲያልቅ 4,000ው ሊመለስ። ሁለታችንም ፈረምን፤ ዳኛውም ምስክር ሆኑ። በነሐሴ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቀን አናጢው ወጥቶ ስድስት ቆርቆሮ ለወጠ። አልጋዬ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በኮርኒሱ ላይ የቀረውን ቡናማ እድፍ ግን ማንም አልነካውም።

የበሩ ነገር በውላችን አልገባም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። ጥቅምት ሳይደርስ አንድ ጣውላ መግዛት አለብኝ።