በገመድ የሚነሣን አሮጌ የጀልባ ሞተር በባትሪ እንዲነሣ ስለ ማድረግ

ለልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በጣና ሐይቅ ዓሣ የሚሰገረው ለረጅም ዘመን በዋናነት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር የሚነዱ ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ገቡ። በዚህም አስጋሪው ከዳር ርቆ ለመሥራት ቻለ። ይሁን እንጂ ከሐይቁ መካከል ሞተር አልነሣም ሲል የሚደርሰው አደጋም አብሮ መጣ። ነፋስ በበረታ ጊዜ አንዱ ሰው ቆሞ ገመድ ሲስብ ጀልባው ይዞርና ማዕበሉን በጎኑ ይቀበላል። ስለዚህ ብዙ አስጋሪዎች ሞተራቸው በባትሪ እንዲነሣ ይፈልጋሉ። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ባትሪ የታመመን ሞተር አያድንም። ሥራው በቅደም ተከተል ካልተከናወነ የማኅበሩ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል።

2. በቅድሚያ ሞተሩን መመርመር

ጤነኛ ሞተር ሲቀዘቅዝም ቢሆን በሁለት ወይም በሦስት ስበት ይነሣል። ከዚህ በላይ የሚያስቸግር ከሆነ የሚከተሉት ይታዩ፦

ሀ) ካንዴላው ወጥቶ ይታይ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ይጸዳ ወይም ይለወጥ።

ለ) ለወራት የቆየ ቤንዚን ተደፍቶ በአዲስ ይተካ፤ ማጣሪያውም ይጽዳ።

ሐ) ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። መካኒኩ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ያስተካክለው።

መ) ገመዱ ሲሳብ ምንም የማይከብድ ከሆነ የሞተሩ እመቃ ደክሟል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሞተር ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

3. ሞተሩ ለለውጡ የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ

ፋብሪካው ያንኑ ሞዴል በባትሪ በሚነሣ ዓይነትም ሠርቶት እንደሆነ ከሞዴል ቁጥሩ ይጠየቅ። ሠርቶት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሪኖው የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች በሞተሩ አካል ላይ ይገኛሉ። በዙሪያው ጥርስ ያለው ቮላኖም ያስፈልጋል፤ ይህም ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት።

ቦታም ጥርስም በሌለው ሞተር ላይ ጥርስ በብየዳ መቀጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቮላኖው በደቂቃ 5,000 ጊዜ ያህል ስለሚዞር የተበየደው ቢለቅ ሰው ይገድላል።

4. አገጣጠም

ቮላኖው በመዶሻ ሳይሆን በመሳቢያ መሣሪያ ይነቀል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ የብረት ሽብልቅ በቦታዋ መመለሷ ይረጋገጥ፤ ከተዛነፈች የእሳቱ ሰዓት ይዛባል። ዳዶው በመመሪያው ልክ ይጥበቅ።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣው ወፍራም ኬብል በማጥፊያና በረሌ በኩል ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ከማስነሻ ቁልፉ ወደ ረሌው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ በፊውዝ በኩል ይለፍ። በዚሁ መስመር ማርሹ ፎሌ ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚያደርግ ማብሪያ ይግባ። ይህ ካልተደረገ ጀልባው በድንገት ሲወረወር ሰው ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

የኬብሉ ውፍረት እንደ ቀላል አይታይ። ባትሪው ከሞተሩ 3 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 6 ሜትር ነው። ሞተሪኖው 100 አምፔር ቢስብ፣ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ኬብል ላይ የሚባክነው 0.4 ቮልት ገደማ ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን 1.7 ቮልት ይባክናል፤ ሞተሪኖውም ይደክማል፣ ኬብሉም ይግላል።

5. የባትሪ ሒሳብ

100 አምፔር የሚስብ ሞተሪኖ ለ5 ሴኮንድ ቢሠራ ከባትሪው የሚወስደው 0.14 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። 20 ጊዜ ማስነሣት 2.8 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በአንጻሩ መረብ ሲጠበቅ 8 ሰዓት የሚበራ የ10 ዋት አምፖል 6.7 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ይህም ከ45 ጊዜ በላይ ከማስነሣት ይበልጣል። ስለሆነም መብራት ለብቻው ባትሪ ይኑረው።

ሞተሩ የራሱ መሙያ ካለው በሬክቲፋየር በኩል ይገናኝ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መንቀል፣ እንዲሁም ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማለዋወጥ ሬክቲፋየሩን ያቃጥላል። መሙያ ከሌለው ባትሪው በየሳምንቱ በወደብ ይሞላ፤ ወይም መቆጣጠሪያ ያለው አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይበጅለት። ሥራ ፈትቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12 ቮልት ካሳየ ሳይሞላ ወደ ሐይቅ አይወሰድ።

6. ማሳሰቢያ

ሀ) ባትሪው ክዳንና የአየር መውጫ ባለው ሣጥን ታስሮ ከቤንዚን ታንክ ርቆ ይቀመጥ። የቤንዚን ሽታ ካለ ማስነሻው አይነካ።

ለ) የማስነሻ ቁልፉ በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አይጫን፤ ሞተሪኖው ሁለት ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ይደገም።

ሐ) ባትሪ የማያስተማምንበት ቀን አለና የማስነሻ ገመዱ፣ መቅዘፊያውና ለእያንዳንዱ ሰው ተንሳፋፊ ሰደርያ ከጀልባው አይለዩ።

መ) ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት የቮላኖውን፣ የሞተሪኖውን፣ የረሌውን፣ የኬብሉንና የባትሪውን ዋጋ ደምሮ በባትሪ ከሚነሣ ያገለገለ ሞተር ዋጋ ጋር ያወዳድር። ድምሩ ከተቃረበ ሞተሩን መለወጥ ይሻላል። የልማት ሠራተኛው ይህን ሒሳብ ከአባላቱ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲሠራ ያስፈልጋል።