ከጥፍር ወደ ማበጠሪያ፦ የሕፃናትን ቅማል በሙያ መመርመርና ማስወገድ በላስታ ደጋ



ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። ቅማል ግን በደጋው አገራችን የጤና ጥያቄ ነው። ዛሬ የማስረዳው እናቶቻችን የልጅን ራስ የሚቀምሉበት ነባር ልማድ በጥቂት ማስተካከያ እንዴት ሙያዊ ምርመራ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አሸተን ማርያም የሚደርስ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ደጋ ልጆች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ ውኃ ከሩቅ ይቀዳል፤ ልብስም ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ይህ ሁሉ ለቅማል ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ቅማሎችን መርምሮ፣ የምሽግ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባርቶኔላ ኩንታና የተባለ ባክቴሪያ በ7 ከመቶ የራስ ቅማሎችና በ18 ከመቶ የልብስ ቅማሎች ውስጥ አግኝቷል። የራስ ቅማሎቹ ባክቴሪያውን መያዛቸው ከቦታው ከፍታ ጋር የተያያዘ ነበር። ባክቴሪያው በራስ ቅማል ውስጥ መገኘቱ ብቻውን የራስ ቅማል በሽታውን ያስተላልፋል ለማለት አያበቃም፤ ጉዳዩን ችላ እንዳንል ግን በቂ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ቅማሎች መለየት የምርመራው መጀመሪያ ነው። የራስ ቅማል በፀጉር ላይ ይኖራል፤ እንቁላሉን፣ ማለትም ቅጫሙን፣ ከፀጉሩ ሥር አጠገብ ይለጥፋል። የልብስ ቅማል የሚኖረውና የሚፈለፈለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን በማስተላለፍ የሚታወቀው ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ራሱን የተላጨ የቆሎ ተማሪ ከራስ ቅማል ቢድንም፣ ደበሎውና እጀ ጠባቡ ካልተፈተሹ ከአደጋው አልወጣም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልለፍ። በልማዳችን የተገኘው ቅማል በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል ይደፈጠጣል። ሊቀር የሚገባው ይህ ነው። የሚያገረሽ ትኩሳትን የሚያመጣው ባክቴሪያ በቅማሉ ገላ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖር፣ ቅማሉ ሲደፈጠጥ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። በጥርስ መሰባበር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የተለቀመው ቅማል በፈላ ውኃ ውስጥ ይጣል።

የሠለጠነ መርማሪ ፀጉሩን አርጥቦ፣ ዘይት ወይም የፀጉር ማለስለሻ ቀብቶ፣ ጥርሱ በጣም በተጠጋጋ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ያበጥራል፤ በየጊዜውም ማበጠሪያውን በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ይመለከታል። ከጆሮ ኋላና ከማጅራት በላይ ያለውን በተለይ ያያል። ሕያው ቅማል ካገኘ ልጁ ቅማል አለበት፤ ከራስ ቅል የራቀ ቅጫም ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው። እንቁላል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል አንድ ቀን ማበጠር አይበቃም፤ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ይደገማል፤ በ17ኛው ቀን ይረጋገጣል። ልብስና ጋቢ በፈላ ውኃ ይታጠባል። ነጭ ጋዝም ሆነ ለእህል ተባይ የተሠራ መርዝ በሕፃን ራስ ላይ ፈጽሞ አይፈስስም።

በምዕራባውያን ከተሞች ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። እኛ ዘንድ በየቀበሌው የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን፤ የግል ንጽሕና ትምህርትም ከተግባራቸው አንዱ ነው። የእኔ ሐሳብ በማበጠሪያ መመርመር በዚያ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ፣ የአብነት ትምህርት ቤቶችም እንዳይዘለሉ ነው።

በመጨረሻም፣ ቅማል የተገኘበት ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይጠራ፤ ከትምህርቱም አይባረር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ጤነኛ ልጅ በራስ ቅማል ምክንያት ከትምህርት እንዳይቀር ይመክራል። ያፈረ ልጅ ራሱን ይሸፍናል፤ የተሸፈነ ራስ ደግሞ አይመረመርም።