ወና ከመሆን የተረፈችው ታባስ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢራን ሕዝብና ቤት ቆጠራ የታባስ ከተማ ነዋሪዎች 39,676 ሆነው ተመዘገቡ። ያኔ ሰማንያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበረበት አገር ይህን ያህል ሰው ያላት ከተማ ከትንንሾቹ ተርታ ናት። የታባስን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ቁጥሩን በዋዛ አያልፈውም። ከተማዋ ሰው አልባ ልትሆን የቀራት ጥቂት ነበርና።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1978 ነው። ሲመሻሽ፣ ሰዉ ወደየቤቱ በገባበት ሰዓት፣ መጠኑ 7.4 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ታባስን መታት። ያኔ 13,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ 11,000 ያህሉ አለቀ። በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች ጋር የሟቾቹ ቁጥር ከ15,000 እስከ 25,000 ይገመታል። ቤቶቹ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ነበሩ፤ ጣሪያቸውም ያው ጡብ እንደ ጉልላት ተደርድሮ የተዋቀረ ነው። በበረሃ ለጣሪያ የሚሆን እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ወፍራሙ ጭቃም ሐሩሩን ይከላከላል። መሬት ሲናወጥ ግን ያ ሁሉ ክብደት ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ይወርዳል። ትውልድን ከፀሐይ የከለለው ጣሪያ በአንድ ምሽት መቃብር ሆነ።

ታባስ የምትገኘው በምሥራቅ ኢራን፣ በሁለቱ ታላላቅ በረሃዎች በካቪርና በሉት መካከል ነው። ሕዝቧ ፋርሲ ተናጋሪ ነው። ቴምሯና ምንጯ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ማረፊያ አድርገዋታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ያለፈባት ዝነኛው ተጓዥ ናስር ኾስሮው ስለ ጸጥታዋ በአድናቆት ጽፏል። ውኃ የሚፈስበት የጎልሻን የአትክልት ሥፍራዋ ዛሬም ጎብኚ ይስባል።

ከጥፋቱ በኋላ ከተማዋ እንደገና ተሠራች፤ ሰውም ተመለሰባት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቆጠራ 30,681፣ በ2011 ደግሞ 35,150 ነዋሪ ነበራት። በየአምስት ዓመቱ ወደ 4,500 ሰው ስትጨምር ቆይታለች ማለት ነው። በአካባቢዋ ያለው የድንጋይ ከሰል ክምችት ከኢራን ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው፤ ባፍቅን ከማሽሃድ የሚያገናኘው የባቡር መስመርም በዚያው ያልፋል።

ሰዉ እንዲህ ሲሰነብት፣ ከተማዋ የምትተዳደርበት ክፍለ ሀገር ግን ተቀያየረ።

ኢራን በ31 ክፍለ ሀገሮች የተከፈለች ናት፤ እነሱም «ኦስታን» ይባላሉ። ኦስታን በሻህረስታን፣ ሻህረስታን ደግሞ በባኽሽ ይከፋፈላል። የኦስታንና የሻህረስታን አስተዳዳሪዎች ከማዕከላዊ መንግሥት ተሹመው ይመጣሉ፤ ከተማን የሚመራው ከንቲባ ግን ነዋሪው በመረጠው ምክር ቤት ይሰየማል። ታባስ የታባስ ሻህረስታን መቀመጫ ናት። የሻህረስታኑ ስፋት 55,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅቡቲ ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ታባስ ለዘመናት የምትቆጠረው ከኮራሳን ክፍለ ሀገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ያዝድ ተዛወረች። ኮራሳን ራሱ በ2004 ለሦስት ከተከፈለ በኋላ፣ በ2013 ታባስ ከያዝድ ተነሥታ ወደ ደቡብ ኮራሳን ገባች። እንግዲህ የ2006ቱን ቆጠራ የሚያገላብጥ ታባስን በያዝድ ሥር፣ የ2016ቱን የሚያገላብጥ ደግሞ በደቡብ ኮራሳን ሥር ያገኛታል።

ይህ ዝውውር የወረቀት ጉዳይ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በአንድ ውሳኔ የያዝድ ስፋት ከ129,000 ወደ 74,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ወረደ፤ ደቡብ ኮራሳን በተራው ከ95,000 ወደ 151,000 ዘልሎ ከኢራን ሰፋፊ ክፍለ ሀገሮች ሦስተኛው ሆነ። ለታባስ ሰው ደግሞ የበላይ ቢሮው ከያዝድ ከተማ ወደ ደቡብ ኮራሳን መቀመጫ ወደ ቢርጃንድ ተሻገረ። የክፍለ ሀገር በጀት የሚደለደለው፣ ከሻህረስታኑ አቅም በላይ የሆነ አቤቱታ የሚቀርበው በዚያ ነው። በኢራን የመኪና ታርጋ ሳይቀር የክፍለ ሀገሩን መለያ ቁጥር ይይዛል።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2024 በታባስ አቅራቢያ በሚገኝ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ሃምሳ ያህል ሠራተኞች ሲሞቱ፣ የሟቾቹን ቁጥር ለአገሩ ሲያሳውቅ የነበረው የደቡብ ኮራሳን አስተዳዳሪ ነው። ወደ ነዋሪዎቿ ቁጥር ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ይካሄዳል የተባለው የሕዝብ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ በቆጠራ የተገኘው የታባስ የመጨረሻ ቁጥር ያው የ2016ቱ ነው።