ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ረጅም በረራ እና የእግር ደም መርጋት

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ቀጥታው በረራ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲሄዱ ግን ብዙ ጊዜ ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላኑ ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል፤ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። ለጤናዎ ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚያሳስበው ቁጭ ብለው የሚያሳልፉት ሰዓት ነው።

ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደምን ከእግር ወደ ልብ ይገፋል። ለሰዓታት ሲቀመጡ ይህ ግፊት ስለሚቀንስ ደም በእግር ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተቆርጦ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወትን ያሰጋል። በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት መሠረት ከ4 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ የሚደርሰው ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ያህል ስለሆነ አይደናገጡ።

በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ካንሰር ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆኑ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ከወሰዱ፣ ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎ ከነበረ ግን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። እግርን የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላል። በራስዎ ፈቃድ አስፕሪን አይጀምሩ።

በተቻለ መጠን በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይጠይቁ። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ከሄዱ፣ ሰው ላለማስቸገር ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሱ እንዳያድሩ እርስዎ ያስነሷቸው። ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝንና ጣትን እያፈራረቁ ማንሳት ይረዳል። ውኃ ይጠጡ፤ የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ።

መድኃኒት ከእጅ ሻንጣ አይለይ። በተለይ ኢንሱሊን በዕቃ መጫኛው ክፍል ውስጥ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ቀኑ ይረዝማል። እስኪደርሱ ድረስ አንድ ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ይያዙና ኪኒንዎን በእሱ ይውሰዱ። የኢንሱሊን መጠንና ሰዓት ግን አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ከደረሱ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት እግርዎን ይከታተሉ። ሁለቱም እግሮች እኩል ማበጣቸው ብዙ ጊዜ በእረፍት ይጠፋል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመዎና ከሞቀ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካስሳለዎ፣ አሜሪካ ከሆኑ 911 ይደውሉ፤ ረጅም በረራ ማድረግዎንም ይንገሯቸው።