የዋጋ ሰሌዳ በኮምፒዩተር ማያ

ለገዢ ዋጋን ገልጦ ማሳየት የንግድ እምነት መጀመሪያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የግብይቱን ዋጋ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለሕዝብ ማሳየቱ የዚህ ልማድ ትልቅ ምሳሌ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ከተሞች የሚነግድ ባለሱቅም አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት ማያ ቢኖረው፥ አንዱን ማያ ወደ ራሱ፥ ሁለተኛውን ወደ ገዢው አዙሮ ይህንኑ ለመፈጸም ይችላል። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከማሠራቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ዋጋን በሙሉ ማያ የማሳየት ሥራ በሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዐይነት አለመሆኑ ነው።

ሙሉ ማያ ማለት የፕሮግራሙ መስኮት ጠርዙንና የርእስ መስመሩን ትቶ ማያውን ከዳር እስከ ዳር ሲሸፍን ነው። ይህም ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። መስኮቱ ሳይታሰብ ቢያንስ ወይም በተሳሳተው ማያ ላይ ቢከፈት፥ ዕቃው የተገዛበት ዋጋና የዱቤው መዝገብ ለገዢው ዐይን ይጋለጣል።

የልዩነቱ ምክንያት የኮምፒዩተሮቹ ሥርዓት መለያየት ነው። በዊንዶውስ ሁለት መንገድ አለ፤ በአንደኛው ፕሮግራሙ ማያውን ለብቻው ይዞ የምስሉን መጠን ይለውጣል፤ በሁለተኛው ግን መጠኑን ሳይነካ ጠርዝ የሌለውን መስኮት በማያው ልክ ይዘረጋል። የምስሉ መጠን ሲለወጥ ማያው ለጊዜው ሊጨልም፥ ሌሎችም መስኮቶች ከቦታቸው ሊዛወሩ ስለሚችሉ፥ ለሱቅ የሚሻለው ሁለተኛው መንገድ ነው። በማክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሥርዓቱ ራሱ ሙሉ ማያ የሆነውን መስኮት ወደ ተለየ የሥራ ቦታ ይወስደዋል፤ ዝውውሩም ጥቂት ጊዜ ስለሚፈጅ ፕሮግራሙ እስኪፈጸም መጠበቅ አለበት። በሊኑክስ ደግሞ ፕሮግራሙ ይጠይቃል እንጂ አያዝም፤ ጥያቄውን የሚፈጽመው የመስኮቶች አስተዳዳሪ የሆነው ክፍል ነው።

ስለዚህ ለአንዱ ሥርዓት ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ በሌላው ላይ ይሰናከላል፤ ባለሱቁም ኮምፒዩተሩን በለወጠ ጊዜ ለዚያው ሥራ ሁለተኛ ዋጋ ለመክፈል ይገደዳል። ይህን ለማስቀረት ባለሙያዎች ኪዩትና ኤስ.ዲ.ኤል. በተባሉት፥ ለሁሉም ሥርዓት በተዘጋጁ የፕሮግራም መሣሪያዎች ይሠራሉ። ጸሐፊው አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፤ መሣሪያው ያንን ትእዛዝ ለየሥርዓቱ በሚገባው መንገድ ያደርስለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሁለተኛው ኤስ.ዲ.ኤል. ከላይ የተነገሩትን ሁለቱንም መንገዶች ለይቶ ያቀርባል።

እንዲህም ሆኖ መሣሪያው ብቻውን ዋስትና ስለማይሆን፥ ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ፕሮግራሙን መፈተን ይገባዋል። አንደኛ፥ ዋጋው ዘወትር ወደ ገዢው በዞረው ማያ ላይ ብቻ ይከፈት እንደ ሆነ ይመልከት። ሁለተኛ፥ የማያው ገመድ ተነቅሎ ሲመለስ፥ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፥ መስኮቱ ቦታውን ይጠብቅ እንደ ሆነ ይሞክር። ሦስተኛ፥ ከሙሉ ማያ መውጫው ቁልፍ የታወቀ መሆኑን፥ ሲወጣም መስኮቱ ወደ ቀድሞ ቦታውና መጠኑ መመለሱን ያረጋግጥ። አራተኛ፥ ጥራቱ ከፍ ባለ ማያ ላይ ፊደሉና አኃዙ እጅግ አንሰው እንዳይታዩ ይጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ ፈተና ከግማሽ ቀን የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። ጆንያውን ፈትቶ እህሉን ሳያይ የማይረከብ ነጋዴ፥ ፕሮግራምንም በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሳይፈትን መረከብ አይገባውም።